ረቂቅና ሞተር ሳይክል፦ የአርትዖት ሥራ ተሸክሞ መንገድ ስለመውጣት

የአርትዖትና የጽሑፍ ሥራን ከሞተር ሳይክል ጉዞ ጋር አብሮ ማስኬድ ይቻላል። የማይቻለው ሁለቱን በአንድ ቀን ማስኬድ ነው። በፍሪላንስ የሚሠራ ሰው ገብቶ የሚፈርምበት ቢሮ ስለሌለው፣ ማልዶ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ነድቶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ከሰዓት ሃያ ገጽ የሚያርም ይመስለዋል። ሰውነት ግን ይህን አይቀበልም። ከአራት አምስት ሰዓት መንዳት በኋላ መዳፍ ከመሪው ንዝረት የተነሣ ይደነዝዛል፤ የነፋሱ ጩኸት ጆሮ ውስጥ ይቀራል፤ ዐይን ከአቧራውና ከፀሐዩ ሲታገል ስለዋለ ይከብዳል። እንዲህ ሆኖ ማስታወሻ መጻፍ፣ ረቂቅ መጫር ይቻላል። ማረም ግን አይቻልም። የደከመ ዐይን የሚያነበው ገጹ ላይ መኖር የነበረበትን ቃል ነው፤ ያለውን አያይም። ሁለቴ የተጻፈ «ነው»፣ በሦስተኛው ምዕራፍ «ወልደ ሚካኤል» ተብሎ በሰባተኛው «ወልደሚካኤል» የሆነ ስም ሳይታይ ያልፋል፤ የሚያየው ደግሞ መጽሐፉን የገዛው አንባቢ ነው።

ስለዚህ ዕቅዱ ከርክክብ ቀን ይጀምራል፤ ካርታው የሚዘረጋው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ምሳሌ በቁጥር እንየው። የ60,000 ቃል መጽሐፍ በአንድ ወር ታርሞ እንዲሰጥ ተይዟል፤ መንገዱ ከአዲስ አበባ በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በወላይታ ሶዶ አድርጎ አርባ ምንጭ ነው እንበል። መካከለኛ ይዘት ያለው ረቂቅ በመጀመሪያው ዙር በሰዓት 1,000 ቃል ገደማ ይሄዳል። ገጹን በ250 ቃል ብንቆጥር አራት ገጽ ማለት ነው። ሁለተኛው ዙር ከሞላ ጎደል በእጥፍ ይፈጥናል። የመጀመሪያው 60 ሰዓት፣ ሁለተኛው 30 ሰዓት፣ በድምሩ 90 ሰዓት። በቀን ከአምስት ሰዓት በላይ ጥራቱን ሳይጥል የሚያርም ሰው እምብዛም የለም፤ ስለዚህ ሥራው 18 ቀን ይፈልጋል። መብራት ለሚጠፋበት፣ ኔትወርክ ለማይኖርበት፣ ሆድ ለሚታመምበት ጊዜ አንድ አምስተኛ ሲጨመርበት 22 ቀን ገደማ ይሆናል። ከወሩ የሚተርፈው ስምንት ቀን ነው፤ አራቱ መሄጃ፣ ሁለቱ መመለሻ፣ ሁለቱ ዕረፍት። ይህ አነሰኝ የሚል ሰው ከደራሲው ጋር ተነጋግሮ የርክክቡን ቀን ያርቅ እንጂ ለችግር ቀን የተቀመጠውን አራት ቀን አይንካ። መጀመሪያ የሚበላው ሁልጊዜ ያ ነው።

መንገዱ ለዚህ ዓይነቱ ኑሮ የተመቸ ነው። ከአዲስ አበባ ቡታጅራ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከቡታጅራ ሆሳዕና ወደ 100፣ ከሆሳዕና ሶዶም እንዲሁ ወደ 100፣ ከሶዶ አርባ ምንጭ ወደ 120። እያንዳንዱ ክፍል ከምሳ በፊት ያልቃል። ጎሕ ሲቀድ፣ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መነሣት ጥሩ ነው። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ከብት ወደ ግጦሽ ይወጣል፤ ተማሪው በመንገዱ ዳር ይሰለፋል፤ የገበያ ቀን ከሆነ ደግሞ አህያውም፣ ባጃጁም፣ ሸክም ያዘለችውም እናት አስፋልቱ ላይ ናቸው። በክረምት ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚወርድ ማልዶ መነሣት ከዚያም ያድናል። ከጨለመ በኋላ መንዳት ግን በጭራሽ አይታሰብም። መብራት የሌለው ጋሪና መንገድ ላይ የተኛ ከብት በ30 ሜትር ርቀት ከሚያበራ የትንሽ ሞተር ፋኖስ ቀድመው አይታዩም።

የመንገዱን ደኅንነት ለመጠየቅ ከሁሉም የሚሻለው ቦታ መናኸሪያ ነው። ትናንት ማታ ከዚያ አቅጣጫ የገባ የሚኒባስ ሹፌር የሚነግረው ከስልክ ዜና ይልቅ ትኩስ ነው። ጥያቄው ሁለት ጊዜ ይጠየቃል፦ አንዴ ከመነሻው ዋዜማ፣ አንዴ በመነሻው ጠዋት።

የሚሰፈርባቸው ከተሞች ሲመረጡ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ይቅደም። ሆሳዕና ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ሶዶም አርባ ምንጭም የየራሳቸው አላቸው። ተማሪ ባለበት ኅትመትና ኮፒ ቤት አለ፣ ላፕቶፕ የሚጠግን ልጅ አለ፣ ቡና አዝዞ ሦስት ሰዓት ቢቀመጥ የማይገረምበት ካፌ አለ። በየከተማው ከአራት እስከ ስድስት ቀን መቆየት ያስፈልጋል። በየሁለት ቀኑ የሚነሣ ሰው ግማሹን ቀን በማሸግ፣ ግማሹን በመፍታት ይጨርሰዋል። ፔንሲዮን ሲያዝ ቀድሞ የሚታየው አልጋው ሳይሆን ጠረጴዛው ነው፦ ቁመቱ ክንድን ያሳርፋል ወይ፣ ሶኬቱ የት ነው፣ ከሥሩ ያለው ቡና ቤት ሙዚቃውን ስንት ሰዓት ላይ ይጀምራል። ሞተሩ የሚያድርበት ግቢ ጥበቃ ያለው መሆኑም ዕቃ ሳይወርድ በፊት ይረጋገጣል።

ትልቅ ሞተር አያስፈልግም። እንደ ባጃጅ ቦክሰር 150 ወይም ቲቪኤስ አፓቼ ያለው በየወረዳው ከተማ መለዋወጫውም መካኒኩም ስላለው ለዚህ ሥራ ከትልቁ ይሻላል። ቦክሰር ዝግ ተብሎ ሲነዳ በ100 ኪሎ ሜትር ከሁለት እስከ ሁለት ሊትር ተኩል ቤንዚን ይበቃዋል። ቢሆንም ታንኩ ግማሽ ሲደርስ መሙላት ነው፤ ቀጣዩ ማደያ ሊደርቅ ይችላል፣ ወይም ሰልፉ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የነዳጅ ግብይት በዲጂታል ክፍያ ስለሆነ፣ ኔትወርክ የሌለበት ማደያ ላይ ብር በኪስ መያዝ ብቻውን ላያድን ይችላል፤ ስልኩ ቻርጅ፣ ሒሳቡ ውስጥም ገንዘብ ይኑር። በየመንገዱ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን የመጨረሻ አማራጭ ነው። ነጭ ጋዝ ወይም ውኃ ይቀላቀልበታል፤ ውኃው ከሥር ስለሚቀር ጠርሙሱን አቁሞ ሁለት ሦስት ደቂቃ መጠበቅና የታችኛውን ሁለት ጣት ያህል አለመጨመር ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ከ2011 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ ሞተር ሳይክል ያለ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ተደርጓል። ፈቃድ የሌለው ሰው ሞተሩን ከከተማው ውጭ ማሳደርና ጉዞውን ከዚያ መጀመር ይኖርበታል። የሦስተኛ ወገን መድን፣ ቦሎና መንጃ ፈቃድ ኮፒያቸው ከላፕቶፑ ጋር፣ ዋናው ደግሞ ደረት ኪስ ውስጥ ይሁን።

አሁን ወደ ዕቃው። ብዙ ሰው ላፕቶፑን በጀርባ ቦርሳ ያዝላል። ይህ ለጀርባም ለማሽኑም መጥፎ ነው፤ ሰው በጀርባው ከወደቀ ጠንካራው ነገር አከርካሪው ላይ ያርፋል። ከኋላ ጫፍ በሚታሰረው ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥም አይበጅም፤ ከኋላ ጎማው አልፎ የተንጠለጠለ ዕቃ ከሁሉም በላይ የሚዘለው እሱ ነው። ትክክለኛ ቦታው ከነጂው ጀርባ፣ ወንበሩ ላይ በአግድም በታሰረ ለስላሳ ቦርሳ ውስጥ ነው። ከሥር የተጣጠፈ ልብስ፣ በላዩ ላፕቶፑ በስፖንጅ ሽፋን ውስጥ ተኝቶ፣ ከላይ ሌላ ልብስ። የቻርጀሩ ሣጥን በጭራሽ ከላፕቶፑ ጋር አይታሸግ። በጉዞ የተሰበረ ስክሪን ሲታይ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ መውደቅ አይደለም፤ ቻርጀሩ ኮረኮንች ላይ ለሰዓታት ክዳኑን ሲቀጠቅጠው ስለዋለ ነው። ውስጡ የሚሽከረከር ዲስክ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ካለ ከመውጣት በፊት በኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ክፍል በሌለው ማከማቻ፣ መቀየር ግዴታ ነው፤ የሚሽከረከረው ዲስክ ፒስታን አይችልም።

ለዝናቡ አፉ የሚጠቀለል ውኃ የማያስገባ ቦርሳ ያስፈልጋል፤ አፉ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይጠቅለል። ሌላ የማይታሰብ ውኃም አለ። ማለዳ በብርድ ከሶዶ የወጣ ማሽን አርባ ምንጭ ወበቅ ውስጥ ሲገባ ቀዝቃዛው ብረት ላይ እርጥበት ይቋጠራል። እንደደረሱ ቦርሳውን ከፍቶ ማብራት አይገባም፤ ሳይከፈት ሠላሳ ደቂቃ ይቀመጥ።

ስልኩን መሪው ላይ አስሮ መንዳት ከተለመዱት ስሕተቶች አንዱ ነው። አፕል በ2021 እ.ኤ.አ. በይፋ እንዳስጠነቀቀው የሞተር ሳይክል ንዝረት የስልክ ካሜራን የማረጋጊያ ክፍል ሊጎዳ ይችላል። ለፍሪላንሰር ደግሞ ስልኩ ካሜራው፣ ድምፅ መቅጃው፣ ኢንተርኔቱና የገንዘብ ቦርሳው ስለሆነ ጉዳቱ አራት እጥፍ ነው። ኪስ ውስጥ ይቀመጥ፤ መንገዱ ሲጠፋ ቆሞ ማየት ይቻላል።

መብራትን በተመለከተ የትንሽ ሞተር ጀነሬተር ላፕቶፕ ለመሙላት አይበቃም። 65 ዋት የሚስብ ላፕቶፕ ከ12 ቮልት ባትሪ አምስት ስድስት አምፔር ይወስዳል፤ የፊት መብራቱ እየበራ ይህን ያህል ሲሳብ ባትሪው ቀስ በቀስ ይወርድና ጠዋት በቁልፍ አልነሣም ይላል። ከሞተሩ የሚሞላው ስልክ ብቻ ይሁን። የዩኤስቢ መሙያው ሽቦ ከባትሪው ሲነሣ በአንድ ስንዝር ውስጥ አምስት አምፔር ፊውዝ፣ ከዚያ ቁልፍ ሲዘጋ አብሮ የሚዘጋ ሪሌ ይኑረው። ፊውዝ የሌለው ሽቦ ታንኩ ሥር ከሻሲው ጋር ተፋቅቶ ሲገላለጥ ይቃጠላል፤ ሪሌ የሌለው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪውን ሲመጥ ያድራል።

ላፕቶፑን የሚያኖረው ፓወር ባንክ ነው። 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የተጻፈበትና በታይፕ ሲ 65 ዋት የሚሰጥ ይመረጥ። ውስጡ 74 ዋት ሰዓት ቢኖርም በመተላለፊያ ከሚባክነው በኋላ 60 ገደማ ይደርሳል። ዋይፋዩ ተዘግቶ፣ የስክሪኑ ብርሃን ተቀንሶ ጽሑፍ ብቻ ሲሠራ ላፕቶፕ በሰዓት ከ10 እስከ 15 ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ስለዚህ አንድ ፓወር ባንክ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት፣ ማለትም የአንድ ቀን አርትዖት፣ ይሸፍናል። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ከግድግዳው መንቀል፣ ሲመለስም አምስት ደቂቃ ጠብቆ መሰካት ልማድ ይሁን። ቻርጀር ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው መብራቱ ሲመለስ ነው።

ስለ ኔትወርክ፦ የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም ሁለት ሲም መያዝ ይረዳል፤ በአንዱ የማይገኘው አንዳንዴ በሌላው ይገኛል። ነገር ግን ሁለቱም የሚጠፉበት ጊዜ አለ። በ2015 ዓ.ም ማብቂያ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት በብዙ አካባቢዎች ለወራት ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ ሥራው ያለ ኢንተርኔት ከዳር እስከ ዳር መሠራት መቻል አለበት፦ ፋይሉ ላፕቶፑ ላይ፣ መዝገበ ቃላቱ በፒዲኤፍ፣ የግዕዝ ፊደል መጻፊያው ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ። ሥራን በድረ ገጽ ላይ በሚከፈት ሰነድ ብቻ ማኖር ለአዲስ አበባ ካፌ እንጂ ለዚህ መንገድ አይሆንም።

ደስ የሚለው ነገር የጽሑፍ ፋይል ቀላል መሆኑ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ፣ ሦስት ባይት ይይዛል፤ 60,000 ቃል ያለው መጽሐፍ ሙሉው አንድ ሜጋባይት ገደማ ነው፤ በወርድ ፋይል ሲታመቅ ከዚያም ያንሳል። ደካማ በሆነ ኔትወርክም ሌሊት ላይ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ይሄዳል። በየሥራው ቀን መጨረሻ ሦስት ቅጂ ይኑር፦ አንዱ ላፕቶፑ ላይ፣ አንዱ ጃኬት ውስጥ በሚቀመጥ ፍላሽ፣ አንዱ ኔትወርክ በተገኘ ጊዜ ወደ ራስ ኢሜይል የተላከ። ፍላሹ ከላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ ካለ ግን ቅጂ አይባልም፤ ቦርሳው ሲሰረቅ አብሮ ይሄዳል።

የአማርኛ አርትዖት የራሱ የመንገድ ዝግጅት አለው። ዩኒኮድን በማይከተለው በአሮጌው የፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፉ ረቂቆች ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆነው ይከፈታሉ፤ ከመውጣት በፊት ወደ ዩኒኮድ መቀየር፣ ከተቀየረም በኋላ ቢያንስ ሃያ ገጽ በዐይን ማስተያየት ያስፈልጋል፤ በቅየራ ጊዜ የሚዛቡ ፊደሎች አሉ። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ የአጻጻፍ መዝገብ ይዘጋጅ፦ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ የት የት እንደሚገቡ፣ የሰዎችና የቦታዎች ስም እንዴት እንደተጻፈ። «ጸሐፊ» ብሎ ፋይሉ ውስጥ የፈለገ ሰው «ፀሐፊ»ንና «ጸሃፊ»ን አያገኛቸውም፤ ሁሉንም ዓይነት አንድ በአንድ መፈለግ ግድ ነው። ይህ መዝገብ በትንሽ ደብተር በእጅ ቢጻፍ ይመረጣል። በመንዳት ቀን ከሰዓት፣ አእምሮ ለማረም በማይበቃበት ሰዓት፣ መዝገቡን መገልበጥና ማስተካከል ግን ይቻላል፤ ስለዚህ ያ ሰዓት በከንቱ አይሄድም።

ሁለተኛውን ዙር በወረቀት ላይ ማድረግ እስካሁን የሚተካከለው አላገኘም። ሙሉ መጽሐፍ አትሞ መሸከም ግን ሞኝነት ነው፤ አንድ ኤፎር ወረቀት አምስት ግራም ይመዝናል፣ ከሁለት መቶ ገጽ በላይ የሆነ ረቂቅ ከአንድ ኪሎ ያልፋል። በየከተማው አርባ አርባ ገጽ ማሳተም፣ አርሞ ማስገባት፣ ወረቀቱን እዚያው ቀዶ መጣል። ሲታተም ከፒዲኤፍ ይሁን። የኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ፎንቱን በሌላ ከተካው ገጾቹ ይንሸራተታሉ፤ «ገጽ 112 ላይ» ተብሎ ለደራሲው የተጻፈ ማስታወሻም ሌላ ገጽ ላይ ያርፋል።

የጉዞ ጽሑፍም የሚሠራ ሰው በዚህ መንገድ ሀብታም ነው። ጢያ፣ በ1980 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው የትክል ድንጋይ ስፍራ፣ ከቡታጅራ በፊት መንገዱ ዳር ላይ ነው። ከዚያም ቀደም ብሎ የቅድመ ታሪክ ስፍራው መልካ ቁንጡሬና ከቋጥኝ የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም አሉ። ሁሉን በአንድ ጠዋት ዐይቶ ቡታጅራ መድረስ ይቻላል፤ የሚጻፍ ነገር ግን አይገኝም። ቡታጅራ አድሮ በማግስቱ ወደ አንዱ ብቻ መመለስና ግማሽ ቀን መስጠት ይሻላል። በየማረፊያው የሚመዘገበው የተወሰነ ይሁን፦ ሰዓቱ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ንባብ፣ ያነጋገሩት ሰው ስም ከነአባቱ፣ የቦታው ስም፣ የታየው አንድ ነገር። የቦታውን ስም የአገሩ ሰው በራሱ እጅ ደብተሩ ላይ ቢጽፈው፣ በሰሚ ጆሮ የተዛባ የጉራጌኛ፣ የሀዲይኛ ወይም የጋሞኛ ስም መጽሔት ላይ አይወጣም። የክልልም የወረዳም ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ከአሳታሚው የተጻፈ ደብዳቤ ሲያይ በር ይከፍታል፤ ድልድይ፣ ኬላና ወታደር ባለበት ግን ካሜራ አይወጣም።

ሞተሩ ራሱ በየጠዋቱ አሥር ደቂቃ ይጠይቃል። መጀመሪያ የሚነካው የኋላ መጫኛው ቡሎን ነው። ንዝረት የሚያላላው እሱን ነው፤ መጫኛው ሲዘም ቦርሳው ጎማውን ይነካና ልብሱም ላፕቶፑም በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ይበላል። ከዚያ ካቴናው፦ መካከሉ ላይ ወደላይና ወደታች ሲንቀሳቀስ ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል፤ ከላላ ይዘላል፣ ከጠበቀ ቦችሌውን ይጨርሳል። ዝናብ ከመታው በኋላ፣ ያለዚያም በየ500 ኪሎ ሜትሩ ተጠርጎ ዘይት ይቀባ። ፒስታ ላይ ከተነዳ የአየር ፊልትሮው ይራገፍ። ካርቡራተር ያለው ሞተር ደጋ ላይ አየር ስለሚሳሳበት ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ዳገት ላይም ይደክማል። ቆላ ላይ የተስተካከለ ሞተር ሆሳዕና ሲደርስ እንዲህ ቢሆን አልተበላሸም፤ ካንዴላውን አጽድቶ የአየር ቪቱን ለመካኒክ ማሳየት ይበቃል።

ከመለዋወጫ የሚያዘው ጥቂት ነው፦ አንድ የውስጥ ጎማ፣ ልጣፊ፣ ሁለት የጎማ መፈልቀቂያ፣ የእጅ መንፊያ፣ አንድ ካንዴላ ከነቁልፉ፣ ፊውዞች፣ ባለ 10፣ 12፣ 14 እና 17 ቁልፍ፣ ካቻቪቴ፣ ሽቦና ፕላስተር። የፍሪሲዮን ገመድ ከዋናው ጎን ለጎን ተዘርግቶ ይታሰር፤ መንገድ ላይ ሲበጠስ ጫፉን ማያያዝ ብቻ ይሆናል። ጎሚስታ በየከተማው አለ፤ ነገር ግን በሁለት ከተማ መካከል የለም። አርባ ምንጭ ወባ ያለበት ቆላ ስለሆነ አጎበርና ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ከመለዋወጫው እኩል ይቆጠር። ወባ የያዘው አርታኢ ለቀናት ከሥራ ውጭ ሊሆን ይችላል።

የቀረው ከደራሲው ወይም ከአሳታሚው ጋር ያለው ውል ነው። መንገድ ላይ መሆንን መደበቅ ዋጋ ያስከፍላል። በውሉ ላይ የመንዳት ቀናቱ በግልጽ ይጻፉ፤ በእነዚያ ቀናት ስልክ የማይነሣ መሆኑ ይታወቅ። ርክክብ በመንዳት ቀን አይያዝም፣ ሁልጊዜ ከመነሻው ዋዜማ ነው። ክፍያው በሦስት ቢከፈል፣ ሲጀመር 30 በመቶ፣ የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ 40፣ ሲጠናቀቅ 30፣ የጉዞው ወጪ ከሥራው ጋር እኩል ይሄዳል፤ ማንም የማንንም አያቆይም። ምዕራፎቹ እንደታረሙ በየሳምንቱ ይላኩ። ደራሲው አስተያየቱን ቶሎ ሲሰጥ የአጻጻፍ መዝገቡ ቶሎ ይስተካከላል፤ መንገድ ቢዘጋም በእጁ ሥራ አለ።

መንገድ በድንገት ሲዘጋ የሚላከው መልእክት ቀድሞ ተጽፎ ስልኩ ላይ ይቀመጥ፤ ኔትወርክ የሚገኘው ለሁለት ደቂቃ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ በቂ ነው፦ «ጤና ይስጥልኝ። ሶዶ ነኝ፣ መንገዱ ተዘግቷል፣ ደኅና ነኝ። እስከ ምዕራፍ ዘጠኝ ታርሞ እሑድ ተልኮልዎታል። ቀሪው በውሉ ቀን ይደርሳል፤ ካልሆነ ሐሙስ ደውዬ አዲሱን ቀን እነግርዎታለሁ።» በአጭር የስልክ መልእክት ይላክ፤ ኢንተርኔት በሌለበትም ይደርሳል።